የአያት ግሩንዲግ ሬዲዮ ውስጥ ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክስ ስለ መግጠም

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንድ የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነው። በምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩት አያታቸው ከጅቡቲ ገዝተው በባቡር ያመጡት ግሩንዲግ ሬዲዮ በውርስ ደርሷቸዋል። ሬዲዮው ባለ ቫልቭ፣ ማለትም እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ፣ ሲሆን ሳጥኑ የእንጨት ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ የዝሆን ጥርስ የሚመስሉ ተጫኝ ቁልፎች፣ የከተሞች ስም የተደረደረበት ሰፊ መስታወትና ሲበራ አረንጓዴ የሚሆን «ዓይን» አለው። ከሃያ ዓመት ወዲህ አልተከፈተም። አንድ አናጢ «የሆድ ዕቃውን አውጥተው ይጣሉትና የመኪና ቴፕ ይግጠሙበት» ብሏቸዋል። ጠያቂዬ ግን መልኩ ሳይነካ ከስልካቸው በብሉቱዝ እንዲያጫውት፣ የከተማችንን የኤፍ ኤም ጣቢያዎችም እንዲይዝ ይፈልጋሉና «ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ከየት ልጀምር?» ይላሉ።

ይቻላል። ሆኖም ቫልቮቹና ትራንስፎርመሩ የተተከሉበት የብረት ወለል፣ ማለትም ሻሲው፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳይታወቅ አንድም ሽቦ እንዳይቆረጥ አደራ እላለሁ። የአናጢውን ምክር የምቃወመው አሮጌ ነገር ስለምወድ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን መጋላ በነበረችኝ ጠባብ ሱቅ አንድ አባት የእርስዎን የሚመስል ሬዲዮ አምጥተው «ዘመናዊ አድርግልኝ» ሲሉኝ ሻሲውን አውጥቼ ለቁራሌው ሸጥኩት፤ በምትኩም የመኪና ቴፕ አስገባሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃቸው መጥታ ጠቋሚው ለምን እንደማይንቀሳቀስ ጠየቀችኝ። መመለስ አልቻልኩም፤ ጠቋሚውን የሚጎትተው ክር የሚዞርበት መንኮራኩር ከሻሲው ጋር ሄዷል። ያን ጊዜ የተማርኩት፣ ሻሲው ቢሞት እንኳ አጽሙ እንደሚያስፈልግ ነው። የዚህ መልስ ዋና ነጥብም እሱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሬዲዮ ልምጣ። በመጀመሪያ፣ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብለው እንዳይሰኩት። ለሃያ ዓመት ያለ ኤሌክትሪክ የቆዩ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎቹ፣ ውስጣቸው ስለሚደክም ሬዲዮው በድንገት 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ሾርት ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱን ተከትሎ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ቫልቭ፣ እሱን ተከትሎ ደግሞ በቀላሉ የማይተካው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ከጀርባ በኩል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 110፣ 127፣ 220 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት የቮልቴጅ መምረጫ አለ። ሰው ሲነካካው ከቦታው ተንሸራቶ 127 ላይ ያረፈ ሬዲዮ ገጥሞኝ ስለሚያውቅ እሱንም ይመልከቱት።

የጀርባውን ክዳን ከፍተው ቫልቮቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ይህ አንዲት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ሕይወትዎን የሚመለከተው እሱ ነው። የቫልቮቹ ስም በላቲኑ «ኢ» ፊደል የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢኤል 84፣ ኢሲኤች 81፣ ኢኤም 84 ከሆኑ፣ ማሞቂያ ክራቸው ከትራንስፎርመር በሚመጣ 6.3 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ሻሲው አብዛኛውን ጊዜ ከመብራቱ መስመር የተለየ ነው። ስሙ በ«ዩ» ከጀመረ ግን፣ ለምሳሌ ዩኤል 84 ወይም ዩሲኤች 81 ከሆነ፣ የቫልቮቹ ማሞቂያዎች በተርታ ተያይዘው በ100 ሚሊአምፔር የሚሞቁ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ የሚለየው ትራንስፎርመር ስለሌለው የሻሲው ብረት ከአንደኛው የመብራት ሽቦ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ባለ ሁለት እግሩ መሰኪያ በየትኛውም አቅጣጫ ስለሚገባ፣ ዛሬ ደህና የነበረው ብረት ነገ ሲገለበጥ 220 ቮልት ተሸክሞ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ ላይ የስልክ ገመድም ሆነ ሌላ ገመድ ማያያዝ ሰው ይገድላል። ሰፊ የእንጨት ሳጥን ያላቸው ግሩንዲጎች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ ቢሆንም በግምት አይሂዱ፤ ያንብቡት።

በመጀመሪያው ዓይነትም ቢሆን ውስጡ 250 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። ሬዲዮው በተሰካ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ እጅ ከማስገባትዎ በፊት፣ የ10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ረዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አያይዘው ለጥቂት ሰከንዶች ከካፓሲተሩ ወደ ሻሲው ያስነኩ፤ ቀጥሎ በቴስተር ለክተው ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። በካቻቪቴ ጫፍ «ጧ» አድርጎ ማውረድ የሠፈራችን ልማድ ነው፤ ካፓሲተሩንም የካቻቪቴውንም ጫፍ ይጎዳል፤ አልመክርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ የባለሙያ ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩ ጠመዝማዛው አልተቆረጠም ወይ? የመቃጠል ሽታ አለው ወይ? ስፒከሩ ሲለካ 4 ኦም አካባቢ ያሳያል ወይ? እነዚህ ደህና ከሆኑ ኤሌክትሮላይቲኮቹና ድምፁን ለስፒከሩ ወደሚያጎላው ቫልቭ፣ ወደ ኢኤል 84፣ መግቢያ የሚወስደው ትንሹ የወረቀት ካፓሲተር ተቀይረው ሬዲዮው የድሮው ክሩ የሚግል 60 ዋት አምፖል በተርታ ተደርጎለት ይሞከራል። አምፖሉ መጀመሪያ ደምቆ ቀስ በቀስ ከፈዘዘ ጥሩ ምልክት ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ያችን ትንሽ ካፓሲተር ለብቻዋ የማነሳት፣ ስታፈስ ቫልቩን የሚቀላ ብረት አድርጋ ሌላውንም ይዛ ስለምትጠፋ ነው።

ሻሲው በሕይወት ከተገኘ ሥራዎ ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ከጀርባ የግራሞፎን ሥዕል ያለበት ወይም «ቲኤ» የሚል መግቢያ አለ፤ ፊት ለፊትም ያው ስም ያለበት ቁልፍ አለ። ሰዎች ሸክላ ማጫወቻቸውን የሚያያይዙበት ነበር። በ5 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የብሉቱዝ ተቀባይ እዚያ ይገጠማል። የተቀባይዋ የግራና የቀኝ ድምፅ እያንዳንዱ በ4.7 ኪሎ ኦም ረዚስተር አልፎ አንድ ላይ ይገናኝና ወደ መግቢያው ይገባል፤ ሁለቱን ያለ ረዚስተር ማጣመር ተቀባይዋን ያስጨንቃታል። ድምፁ በቫልቭ በኩል አልፎ በአያትዎ ስፒከር ስለሚወጣ፣ ከስልክ የመጣ ዘፈን እንኳ የዚያን ዘመን ወዝ ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ጠጋኞች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጨምር። የማሞቂያው 6.3 ቮልት እዚያው ስላለ «ከእሱ ወስጄ በዳዮድ አስተካክዬ ለብሉቱዙ 5 ቮልት ላውጣ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል። ነገር ግን የማሞቂያው አንድ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከሻሲው ጋር ታስሯል፤ የብሉቱዙ አሉታዊ ጫፍም በድምፅ ገመዱ በኩል ከዚያው ሻሲ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ጠመዝማዛውን ሾርት ያደርገዋል። ለብቻው የቆመ ደህና የስልክ ቻርጀር ይጠቀሙ፤ እሱንም ከሬዲዮው ራቅ አድርገው ውጭ ያስቀምጡት፤ የቻርጀሩ ንዝረት በተለይ በአጭር ሞገድ ላይ እንደ ጢንዚዛ ይጮኻል።

የኤፍ ኤሙ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመኖች ከሌሎች አውሮፓውያን ቀድመው ኤፍ ኤም ሬዲዮ በብዛት የሠሩት፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የኮፐንሃገን የሞገድ ክፍፍል የመካከለኛ ሞገድ ድርሻቸው እጅግ ስለጠበበ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የኤፍ ኤም ክልል የሚያልቀው 100 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ስለነበር የእርስዎም መስታወት ከዚያ ላይ ሳይቆም አይቀርም። ከ100 በላይ ያሉ ጣቢያዎችን ሬዲዮው የማይሰማው ስለተበላሸ ሳይሆን ሲሠራም ስላልታሰቡለት ነው። ማስተካከያውን ከፍቶ ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ ግን ያኔ መስታወቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ውሸት ይሆናሉ። እኔ የምመርጠው የኤፍ ኤም ተቀባይ ያላት ሌላ ትንሽ ሰሌዳ በዚያው በ«ቲኤ» መግቢያ ማስገባት ነው።

ሻሲው ከሞተ፣ ማለትም ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወይም ቫልቮቹ ጠፍተው ከሆነ፣ ያኔም ሻሲውን ከሳጥኑ አያውጡት። የመብራት ገመዱን ከትራንስፎርመሩ ይለያዩ፤ የቀሩትን ቫልቮች ነቅለው እያንዳንዱን ከነቦታው ስም በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ሻሲው ለክሩ፣ ለመንኮራኩሩና ለቁልፎቹ መቆሚያ ሆኖ ይቀጥላል። አዲሶቹ ሰሌዳዎች በትንሽ ኮምፔንሳቶ ላይ ተደርድረው ባዶ በሚገኘው ጎን ይቀመጣሉ። ሳጥኑን በትራፓኖ አይብሱ፤ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ሁሉ ቀድሞውኑ አለ።

ሻሲው ሞቶም ጠቋሚው ጣቢያ እንዲመርጥ የሚደረግበትን መንገድ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ማዞሪያውን ሲያዞሩ ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ ክር ትልቁን መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ የተለዋዋጩን ካፓሲተር ዘንግ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 180 ዲግሪ፣ ይወስደዋል፤ ያው ክር ደግሞ ጠቋሚውን ከሂልቨርሱም ወደ ቤሮሙንስተር፣ ከቤሮሙንስተር ወደ ሉክሰምበርግ ይጎትተዋል። ይህን እንቅስቃሴ ወደ ቁጥር ለመለወጥ በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር፣ ማለትም ሲዞር መጠኑ የሚለዋወጥ ረዚስተር፣ መግጠም ይበቃል። ፖቴንሽዮሜትሩ እኩል የሚጨምረው ዓይነት፣ ሊኒየር የሚባለው፣ ይሁን። 270 ዲግሪ ያህል ስለሚዞር መሐል ላይ አድርገው ካሰሩት በሁለቱም በኩል ትርፍ ይኖረዋል፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ክሩን አይበጥስም። ማጋጠሚያው ጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የነሐስ እጅጌ መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ ከተበላሸ የካሴት ቴፕ ያወጣሁትን የጎማ ቀበቶ ተጠቅሜ ነበር፤ ሙቀቱ ጎማውን አላላው፤ በወሩ ካይሮ ላይ የመደብኩት ጣቢያ ሮም ላይ መጣ።

የፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ጫፎች አንዱ ወደ 3.3 ቮልት፣ ሌላው ወደ መሬት፣ መሐለኛው እግር ኢኤስፒ 32 ወደተባለው፣ ፕሮግራም ወደሚጻፍለት ትንሽ ሰሌዳ ፒን 34 ይገባል። ፒኑን በቁጥር የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ ከሁለቱ የመለኪያ ክፍሎች አንደኛው ዋይፋይ ሲበራ አይሠራም፤ ፒን 34 ያለው በሌላኛው ላይ ነው። ሰሌዳው ቮልቴጁን ከ0 እስከ 4095 ባለ ቁጥር ያነባል። ንባቡ በሁለቱ ጫፎች አካባቢ ቀጥ ያለ ስላልሆነ በስሌት አይመኑ። ጠቋሚውን ከተማ በከተማ እያቆሙ የሚወጣውን ቁጥር በወረቀት ይመዝግቡ፤ ያ ወረቀት የሰሌዳው መዝገብ ይሆናል። በተጨማሪም ቁጥሩ ዝም ብሎ ስለሚንቀጠቀጥ አሥራ ስድስት ንባብ አማካይ ተወስዶ፣ ለውጡ ከ40 ካላለፈ ጣቢያ እንዳይቀይር ተደርጎ ፕሮግራሙ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ጠቋሚው ሁለት ከተሞች መሐል ሲቆም ሬዲዮው እንደሚንተባተብ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል።

ተቀባይ ሆና የምታገለግለው ኤስአይ 4735 የተባለችው ቺፕ ናት፤ ኤፍ ኤምን ከ64 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ፣ ከዚህም ሌላ መካከለኛና አጭር ሞገድ ትይዛለች፤ ኢኤስፒ 32 በሁለት ሽቦ ያዝዛታል። ስለዚህ «አጭር ሞገድ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ እውነተኛ አጭር ሞገድ፣ ማታ ማታ በ49ና በ31 ሜትር የሚመጣውን ሁሉ፣ ጠቋሚውን እያንቀሳቀሱ መፈለግ ይችላሉ። ብሉቱዙን ራሱ ኢኤስፒ 32 ይቀበላል፤ ግን ሲገዙ ኤስ 3 የሚለውን አዲሱን ዝርያ እንዳይወስዱ፤ ሙዚቃ የሚያስተላልፈው የቀድሞው ብሉቱዝ በእሱ ላይ የለም። ሻጩ «አዲሱ ይሻላል» ማለቱ አይቀርም።

ራስፕቤሪ ፓይ ለምን እንዳልመረጥኩ የሚጠይቁ ይኖራሉ። ጥሩ ኮምፒውተር ነው፤ ነገር ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ የማስታወሻ ካርዱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ መብራት በእኛ ዘንድ በድንገት ነው የሚጠፋው። 80 ዲግሪ ሲደርስም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ የተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርዎትም። በዚሁ ምክንያት «መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ» ብለው የሊቲየም ባትሪ በሳጥኑ ውስጥ አይክተቱ፤ እነዚህ ባትሪዎች ከ45 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ መሞላት የለባቸውም። የጀርባ ክዳኑን ቀዳዳዎችም በአቧራ ሰበብ አይድፈኗቸው።

ድምፁን ለማጉላት ፓም 8403 የተባለችው ርካሽ ሰሌዳ ትበቃለች፤ በ5 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር 3 ዋት ትሰጣለች። ያንሳል ይሉ ይሆናል፤ አያትዎ ሰፈሩን ያሰሙበት ኢኤል 84 ራሱ ከ5 ዋት ብዙም አይበልጥም ነበር፤ የዚያ ዘመን የወረቀት ስፒከር በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ ይሰጣል። 50 ዋት ማጉያ ቢገጥሙበት ወረቀቱ ይቀደዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የዚህች ሰሌዳ ሁለቱም የስፒከር እግሮች ድምፅ ይይዛሉና አንዳቸውም መሬት መንካት የለባቸውም። በአሮጌው አሠራር ደግሞ የስፒከሩ አንድ ጫፍ ከሻሲው ጋር ሊታሰር ይችላል፤ ያንን ሳይፈቱና የድሮውን የድምፅ ትራንስፎርመር ሳያላቅቁ ካበሩት ሰሌዳዋ ትቃጠላለች። በጎንና በጎን ያሉትን ትናንሽ ስፒከሮች ከነካፓሲተራቸው እንዳሉ ይተዉአቸው። የድምፅ ማዞሪያው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ ለአዲሱ ሰሌዳ አይመችም፤ ዘንጉ 6 ሚሊሜትር የሆነ የ50 ኪሎ ኦም ሌላ ቢተኩበት የድሮው እጀታ ልክክ ብሎ ይገባል።

አንቴና አይግዙ። በብዙዎቹ የጀርመን ሳጥኖች ውስጥ ከጣሪያው ሥር የተለጠፈ የብረት ወረቀት ወይም ሽቦ አለ፤ የኤፍ ኤም አንቴና ነው፤ ለከተማ ጣቢያዎች እስካሁን ይሠራል። ለአጭር ሞገድ ግን በጣሪያ ላይ የተዘረጋ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል።

አረንጓዴውን ዓይን በተመለከተ፣ ሕያው ሻሲ ካለ በራሱ ይበራል። በሞተው ላይ ለማብራት ከ5 ቮልት ወደ 200 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚያነሳ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ልምድ ለሌለው ሰው አልፈቅድም፤ ጨለማ ሆኖ ቢቀር ይሻላል። የመስታወቱን መብራቶች ግን በኤልኢዲ መተካት ቀላል ነው፤ በ5 ቮልት ለእያንዳንዱ 150 ኦም ረዚስተር ይበቃል። ቀለሙ 2700 ኬልቪን የሚለው፣ ሞቅ ያለው ቢጫ ይሁን፤ ነጩን ካስገቡ ሬዲዮው የፋርማሲ መደርደሪያ ይመስላል።

መስታወቱን ሲያጸዱ ፊቱን ብቻ ይወልውሉ። የከተሞቹ ስም የተጻፈው ከኋላ በኩል በቀለም ነው፤ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ይዞታው ላልቷል፤ እርጥብ ጨርቅ ወይም አልኮል ሲነካው ይለቃል። በአንድ ጨርቅ ግማሽ አውሮፓ ሲጠረግ በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ሳጥኑን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ላዩ ላይ ያለው ያማረ እንጨት ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ልባስ ነው፤ የተነሳ ካለ በኮላ መልሰው ይጫኑት። ከታች በኩል ምስጥ አለመግባቱን ይመልከቱ።

የመብራት ገመዱን ሻሲው ሕያው ቢሆንም ይቀይሩት፤ በዚያ ዘመን የነበረው የጎማ ሽፋን እጅ ሲነካው እንደ ብስኩት ይረግፋል። ውስጡ ሾርት ቢፈጠር እንዲጠብቀው በገመዱ መግቢያ ላይ የ0.5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ፊውዝ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሚመጣው ግፊት አያድንምና መብራት በጠፋ ጊዜ መሰኪያውን ነቅለው እስኪረጋ ይጠብቁ።

ለጊዜው የሚያስፈልግዎ ካቻቪቴና የስልክዎ ካሜራ ብቻ ናቸው። ክዳኑን ከፍተው ምንም ሳይነኩ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ ክሩ በመንኮራኩሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመና በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ ፎቶ ይኑርዎት፤ ክሩ አንዴ ከወጣ ያለዚያ ፎቶ መመለሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ቫልቮቹ ላይ የተጻፉትን ስሞች በሙሉ ከነቦታቸው ይጻፉና ሬዲዮውን ወደሚያየው ባለሙያ ይዘው ይሂዱ።